ፔዳሉ ከእግር ሥር ሲሄድ፦ የሚሰምጥ ፍሬን በአሮጌ መኪና

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሐረጎን ያውቀዋል። መንገዱ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እኔ በሳምንት አምስት ቀን እመላለስበታለሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1982 ስሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ቁልቁለቱን ጨርሼ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ከአንድ አይሱዙ ኋላ ቆምኩ። ቦታው ትንሽ ያዘቀዝቃል። እግሬን ፍሬኑ ላይ ቀለል አድርጌ እጠብቃለሁ። በድንገት ፔዳሉ ከእግሬ ሥር መሄድ ጀመረ። ቀስ እያለ፣ ያለ ምንም ድምፅ። መኪናዋም ወደ አይሱዙው ተጠጋች። ደንግጬ በኃይል ስረግጠው ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

ሥራ ቦታዬ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ በዝግታ አስገባኋት። መካኒኩ ገብቶ ሁለት ጊዜ ደህና አድርጎ ረገጠው። «ፍሬንህ ድንጋይ ነው፤ ምንም አልሆነም» አለኝ። የፍሬን ዘይቱንም ከፍቶ አየ። ሙሉ ነው። አምኜው ልሄድ ስል ለአጎቴ ደወልኩ። አጎቴ ደሴ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ መካኒክ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ጋሼ ነው የምለው። የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በኃይል ረግጦ ነው ያየው?» አዎ አልኩት። «እንዲያ ከሆነ ምኑንም አላየው። መኪናዋን ካለችበት እንዳታንቀሳቅሳት፤ እኔ እመጣለሁ።» በሚኒባስ ወርዶ መጣ።

የዚያን ቀን ያሳየኝን ነው እዚህ የምጽፈው። ብዙ ሰው ፔዳሉ ሲሰምጥበት ዘይት ጨምሮ ይሄዳል። ብዙ መካኒክም ፍሬን የሚፈትሸው በጉልበት ረግጦ ነው። ሁለቱም ሰው ያስገድላሉ።

ለምን በቀስታ?

ፔዳሉን ስትጫኑ ማስተር ውስጥ፣ ማለትም ዘይቱን ጨምቆ ወደ ጎማዎቹ ፍሬን በሚልከው ሲሊንደር ውስጥ፣ ያለ ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ ላይ ጎሚኒ አለ፤ ከንፈሯ ወደ ዘይቱ የዞረ የጎማ ኩባያ በሉት። ዘይቱ ሲጨመቅ ያቺን ከንፈር ገፍቶ ከማስተሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቃታል። ግፊቱ በበዛ ቁጥር መጣበቋም ይበረታል። ስለዚህ ያረጀች ጎሚኒ እንኳ በኃይል ስትረግጡ ልትይዝ ትችላለች። በቀስታ ስትጫኑ ግን የሚያጣብቃት በቂ ግፊት የለም። ዘይቱ በተበላችው ከንፈር ጎን ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዘይቱ ከመኪናው አልወጣም፤ ከፊት ወደ ኋላ አለፈ እንጂ። ለዚህ ነው የዘይቱ ዕቃ ሙሉ ሆኖ ፔዳሉ የሚሰምጠው።

ጋሼ ይህን ያስረዳኝ በእጁ ነው። መዳፉን ግድግዳ ላይ ለጥፎ «ስገፋ ይይዛል፣ ስለቅ ይንሸራተታል» አለኝ።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

ፔዳል ሁሉ የሚወርደው በአንድ ምክንያት አይደለም። ሞተር ስታስነሱ እግራችሁ ፍሬን ላይ ካለ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ይህ ጤና ነው። ሰርቮው፣ ማለትም የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክብ ጣሳ መሰል ነገር፣ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። እንዲያውም ዝቅ ካላለ ነው ሰርቮውን መጠርጠር። (ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። የደሴ ፔዳል ከጅቡቲው ጠንከር ማለቱ ከዚህ ነው።)

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል። የመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከፍ ካለና እዚያው ከያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚዞረው የብረት ከበሮ፣ ርቋል፤ ማስተካከል ይበቃዋል። ረጅም ቁልቁለት ከወረዳችሁ በኋላ ብቻ ለስልሶ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርድለታል። እንደ ሐረጎ ባለ ቁልቁለት ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው እዚያ ሊደርስ ይችላል።

እኔ የምጽፈው ስለ ሌላው ነው። ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ጠንካራ ነው፣ ዝም ብላችሁ ስትይዙት ግን ቀስ እያለ ይሄዳል።

የአንድ ደቂቃው ፈተና

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማ ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርጉ። ሞተር አጥፉ። ሰርቮው ያጠራቀመው ኃይል እንዲያልቅ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ረግጣችሁ ልቀቁ። ፔዳሉ ይጠነክራል።

አሁን በቀስታ ያዙት። ምን ያህል? የበሰለ ሙዝ ከጫማችሁ ሥር አለ ብላችሁ አስቡ፤ እንዳይፈነዳ ሆኖ መጫን። አንድ ደቂቃ ሙሉ በስልክ ቆጥራችሁ ያዙ። እግር ያታልላል፤ ሳይታወቃችሁ ትለቃላችሁ ወይም ትጨምራላችሁ። ስለዚህ ሰው ካለ አጠገባችሁ ሜትር ይያዝላችሁ። ከመሪው የታችኛው ጠርዝ እስከ ፔዳሉ ያለውን ርቀት መጀመሪያ ላይና ደቂቃው ሲያልቅ ለኩ። የእኔ 4 ሴንቲ ሜትር ሄደ። ጤነኛው ካለበት አይንቀሳቀስም።

ከዚያ ያንኑ በኃይል ድገሙት። በኃይል ይዞ በቀስታ ከሰመጠ ጣታችሁን ወደ ማስተሩ ቀስሩ። በሁለቱም ከሰመጠ ደግሞ ዘይት የሚወጣበት ቦታ ይኖራል፤ ወይም ማስተሩ ጨርሶ አልቋል። በመጨረሻ ሞተር አስነስታችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት። ሰርቮው ሲያግዝ ግፊቱ ስለሚጨምር ትንሽ ፍሳሽ ካለ እዚህ ይታያል።

ከሰመጠ ከዚያ በኋላ መኪናዋ በጉተታ ብቻ ትሂድ። «ጋራዡ ቅርብ ነው» አትበሉ። እኔ ራሴ የዚያን ጠዋት በዝግታም ቢሆን መንዳቴ ስህተት ነበር፤ ጋሼም በደንብ ተቆጥቶኛል።

ዘይቱ ጎድሏል ወይስ አልጎደለም?

ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ነው። ዘይቱ የሚቀመጥበት ነጭ ፕላስቲክ ላይ የላይና የታች ምልክት አለ። የዘይቱ ከፍታ ያለበትን በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ፔዳሉን ሃያ ጊዜ ያህል ጫኑት፣ መልሳችሁ እዩ። ሸራ ባለቀ ቁጥር ዘይቱ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ መውረዱ ያለ ነው። በአንድ ቀን ከወረደ ግን አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ፍሳሹን ስትፈልጉ ከጎማዎቹ ጀምሩ። በእያንዳንዱ ጎማ በውስጥ በኩል፣ ቸርኬውና ጎማው የሚገናኙበት ላይ እርጥበት ፈልጉ። ከፊት ካሊፐሩን (ዲስኩን የሚቆነጥጠውን)፣ የሚተጣጠፈውን የጎማ ቱቦና ሁለቱን ጫፎቹን ዳብሱ። ከዚያ ከሥር የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ተከተሉ፤ በተለይ ጭቃ የሚጠራቀምባቸው ማያያዣዎች ሥር ዝገት ይበላቸዋል።

ከኋላ ታምቡር ያለው መኪና ብዙ ያሳስታል። ታምቡሩ ፍሳሹን ውስጡ ይደብቀዋል። መኪናዋን በክሪክ አንሱ፣ ማስደገፊያ ብረት አድርጉላት፣ ጎማውንና ታምቡሩን አውጡ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። አቧራውን በአየር አትንፉት፤ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከላይ ሁለቱን ሸራዎች የሚገፋ ትንሽ ሲሊንደር አለ፣ በሁለት ጫፉ የጎማ ቆብ ያለው። ቆቡን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ገለጥ አድርጉ። ዘይት ከፈሰሰ አልቆለታል። ዘይት የነካው ሸራም አብሮ ይቀየራል። በቤንዚን ታጥቦ የሚመለስ ሸራ አትቀበሉ።

እዚህ ጋ አንድ ማደናገሪያ አለ። እንደ ዲኤክስ ባሉ የኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ዘይትም በአክስሉ በኩል ወደ ታምቡሩ ይመጣል። ሁለቱን ለመለየት ጣታችሁን ነክራችሁ በውሃ አለቅልቁት። የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይለቃል። የዲፈረንሻሉ ግን ውሃ አይነካውም፤ ወፍራም ነው፣ ሽታውም ይከረፋል።

ሁሉም ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ከጎደለስ? ያኔ ማስተሩ ከኋላው እየፈሰሰ ወደ ሰርቮው ሆድ እየገባ ይሆናል። መሬት ላይ ጠብታ አታዩም። ማስተሩን ከሰርቮው ጋር የያዙት ሁለት ዳዶዎች ናቸው፤ በብዙ ቶዮታ ላይ 12 ቁጥር። ፍቱና ማስተሩን ቱቦዎቹን ሳታጥፉ ትንሽ ወደ ፊት ሳብ አድርጉት። መገናኛው ረጥቦ ካያችሁት፣ ወይም ከሥሩ የሰርቮው ቀለም ተልጦ ከሆነ፣ አገኛችሁት። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። በሥራ ላይ ሳላችሁ ቦዲው ላይ ጠብ ካለም ቶሎ በውሃ ማጠብ ነው።

ዘይቱ ካልጎደለ

የእኔ እንዲህ ነበር። ሁሉም ደረቅ፣ ዕቃው ሙሉ። ይህ በአብዛኛው የማስተር የውስጥ መሾለክ ነው። ግን ማስተር ርካሽ ስላልሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ቀላሉ ዘዴ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ሌላ ሰው በቀስታ ይዞ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ፔዳሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘይቱ አንዴ ቡልቅ ማለቱ ያለ ነው። ፔዳሉ ተይዞ እያለ ዘይቱ መንቀሳቀሱን ከቀጠለ ግን እየሾለከ ነው። ፊታችሁን አርቁ፣ መነጽር አድርጉ።

አስተማማኙ ዘዴ የጋሼ ነው። ከማስተሩ የሚወጡትን የብረት ቱቦዎች ፈትቶ ቀዳዳዎቹን ደፈነ። በብዙ ቶዮታ ላይ የቱቦው ዳዶ 10 ቁጥር ነው፣ ጥርሱም ደቃቅ ነው፤ ያገኙትን ቡሎን ማስገባት ማስተሩን ያበላሻል። እሱ የሚጠቀመው ከወዳደቀ መኪና የተቆረጠ ቱቦ ነው፤ ዳዶው እንዳለ ሆኖ የቱቦው ጫፍ ተጠፍጥፎ በብየዳ የተደፈነ። ቀዳዳው ሁሉ ሲደፈን ዘይቱ መሄጃ የለውም። ማስተሩ ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከላይ ቀጥ ይላል፣ በቀስታም ቢያዝ አይሄድም። ከሰመጠ ጥፋተኛው ማስተሩ ነው፤ ሌላ የሚጠረጠር የለም። የእኔ ተደፍኖም ሰመጠ።

ተደፍኖ ከያዘ ደግሞ አንዱን ቱቦ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ሲገጠም ፔዳሉን ያሰመጠው መስመር ላይ ፍሳሹን ታገኛላችሁ። አንዳንዶች ቱቦ ሳይፈቱ የጎማ ቱቦዎቹን በፒንሳ ቆንጥጠው ይይዛሉ። በአሮጌ ቱቦ ላይ ይህን አልመክርም። ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ የነገ አደጋ ታኖራላችሁ።

ማን ገደለው?

ጋሼ ይህን ሲጠይቀኝ ግራ ገባኝ። «በቅርቡ ፍሬኑን የነካ ሰው አለ?» አለ። አዎ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሌላ ጋራዥ የፍሬን ዘይት አስቀይሬ ነበር። ረዳቱ ልጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አየር ሲያስወጡ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ ደጋግሞ ሲረግጥ አይቻለሁ። «በቃ፣ እሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቀኑ ስንነዳ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ እንኳ አይሄድም። ስለዚህ ጎሚኒዎቹ ለዓመታት የሚመላለሱት በማስተሩ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ብቻ ነው። ያ ክፍል ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሳይነካ ይቀመጣል፤ ዘይቱ የሳበው እርጥበትና ቆሻሻ ይቀመጥበታል፣ ይዝጋል። አንድ ቀን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ስትረግጡት ያቺ ቀጭን ከንፈር በዚያ ዝገት ላይ ትሄዳለች። እንደ መሞረጃ ነው የሚበላት።

ልጁ ጥፋት አጠፋ አልልም። ማንም አልነገረውም። ዘዴው ቀላል ነው፦ አየር ስታስወጡ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ፣ ፔዳሉ ከተለመደው ጉዞው ብዙ እንዳያልፍ። ወደ ጋራዥ ስትሄዱም እንጨቷን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ከዚህ በታች እንዳይረገጥ» በሉ። ማፈር የለም።

ሌላው ማስተር ገዳይ የተሳሳተ ዘይት ነው። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ ከገባ በመስመሩ ላይ ያለ ጎማ ሁሉ ያብጣል። ክዳኑ ሥር ያለችውን የጎማ ሽፋን አውጥታችሁ እዩ። አብጣ ተጨማድዳ አልመለስ ካለች ዘይት ተሳስቷል። ያኔ ማስተር ብቻ ቀይሮ መሄድ የለም። ከማስተር እስከ ጎማዎቹ ያለ ጎማ ነክ ነገር ሁሉ ይቀየራል፣ የብረት ቱቦዎቹም ይታጠባሉ።

ጎሚኒ ልቀይር ወይስ ማስተር?

ጎሚኒ ብቻ መቀየር በዋጋ በጣም ይቀላል፣ ብዙ ሰውም ወደዚያ ያዘነብላል። የሚወስነው የማስተሩ ግድግዳ ነው። ዘንጉን አውጡ፣ ውስጡን በንጹሕ የፍሬን ዘይት እጠቡ፣ በባትሪ እዩ። እንደ መስታወት ከሆነ ጎሚኒ ይበቃል። ጉድጓድ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ጎሚኒው ብዙ አይቆይም፤ ሙሉ ማስተር ግዙ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ «አስተካከልኩት» የሚል አለ። ቀዳዳውን አስፍቶ ማስተሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

እኔ ሙሉውን ገዛሁ። ደሴ የተሟላ ስላጣሁ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ነው ያስመጣሁት። አሮጌውን ይዞ የሄደ ሰው ነበር፤ የቱቦ ቀዳዳዎቹን ቁጥርና አቀማመጥ፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የስፋት ቁጥር አመሳስሎ ነው የገዛው። በዓይን የሚመሳሰሉ ማስተሮች ስፋታቸው ይለያያል። ስፋቱ ሲለያይ ፔዳሉም ይለወጣል።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ሞርሳ ላይ አስራችሁ ዘይት ሙሉበት። ከቀዳዳዎቹ ሁለት ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ወደ ዘይት ዕቃው መልሳችሁ፣ ዘንጉን በካቻቢቴ ጀርባ በአጭር በአጭሩ ግፉ፣ አረፋው እስኪጠፋ። ይህን የዘለለ ሰው ከገጠመው በኋላ ግማሽ ቀን አየር ሲያስወጣ ይውላል።

ከተገጠመ በኋላ አየር የሚወጣው ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ ነው። መሪው በግራ በሆነ መኪና፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ይህ እንደ ዲኤክስ ላለ የኋላ ጎማ ለሚነዳ ነው። የፊት ጎማ የሚነዱት ብዙዎቹ መስመራቸው በሰያፍ ስለሆነ የራሳቸውን ቅደም ተከተል ተከተሉ። ዘይቱ ከታሸገ ጠርሙስ ይሁን፤ የተከፈተ፣ ለወራት የቆየ አትቀበሉ። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም 4 ካለ ያንን ጨምሩ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ከዚያ ያንኑ የአንድ ደቂቃ ፈተና መልሳችሁ አድርጉ። በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል፣ ከዚያ ሞተር ተነስቶ። የእኔ ሜትሩ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። በማግስቱ ጠዋት፣ ከሳምንት በኋላም ደገምኩት፤ የዘይቱንም ከፍታ አየሁ።

አሮጌውን ማስተር ጋሼ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቀው። ግማሹ ያበራል። ከግማሹ ወዲያ ቡናማ የዝገት ቀለበት አለ። ጎሚኒዋ ከንፈሯ ላይ የጥፍር ያህል ተበልታለች። «ይህን ለዚያ ልጅ አሳየው» አለኝ። ቅዳሜ ይዤለት ሄድኩ። ልጁ በጣቱ ዝገቱን ዳሰሰ፣ ከዚያ ከጋራዡ ጥግ ቁራጭ እንጨት አንስቶ ለካው።